ካርታው ላይ የሚታየው ሃይድሮጅን ከየት መጣ?

የናሙናን ገጽ በአዮን (ኤሌክትሪክ በተሞላ አቶም) ጨረር ደብድቦ፣ የሚወጣውን በመቁጠር የሃይድሮጅን ካርታ ሲሠራ ችግሩ የሚፈለገው ነገር የሌለበት ቦታ አለመኖሩ ነው፤ የቫክዩም ክፍሉ ግድግዳ ላይ አለ፣ የናሙናው ገጽ ላይ አለ፣ ማጣበቂያው ውስጥም አለ። ይህን የማያውቅ ጀማሪ የለም፤ ካርታው አምሮ ሲወጣ ግን ይረሳል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ከቫክዩም የሚመጣውን ሳይለዩ ውጤት መተርጎም ነው። በ10⁻⁶ ሚሊባር ንጹሕ ገጽ በጥቂት ሴኮንዶች በጋዝ ሞለኪውሎች ይሸፈናል፤ በ10⁻⁹ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የሴዝየም አዮን ጨረሩ የናሙናውን ገጽ እየፋቀ ሳለ የውሃ ተን እየተመለሰ ያርፍበታል፤ መሣሪያው ሁለቱንም ደምሮ ይቆጥራል። መለያው ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፦ የጨረሩን ኮረንት ሳይነኩ የሚፋቀውን ካሬ ያጥብቡ። የናሙናው ዋና ንጥረ ነገር ቆጠራ ባለበት ቆሞ የሃይድሮጅኑ ከወረደ፣ የወረደው ከናሙናው አልነበረም። ይህን አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ሳይሠሩ «የክሪስታሎቹ መገናኛ (የእህል ድንበሩ) ላይ ሃይድሮጅን ተከማችቷል» ማለት ምን ይባላል? ስንጥቅና ጠርዝም እኮ እርጥበት ይይዛሉ።

ናሙናውን ኢፖክሲ ውስጥ አይቅበሩት፤ ጋዝ መትፋቱን አያቆምም። ኢንዲየም የተባለው ለስላሳ ብረት ላይ ይጫኑት። ክፍሉን ያሙቁ፣ ናሙናውን ግን አያሙቁ፤ የሚፈልጉት ሃይድሮጅን አብሮ ይወጣል።

በተራው ሃይድሮጅን ፋንታ ከባዱን ሃይድሮጅን፣ ዲዩቴሪየምን፣ መጠቀም ጥሩ መላ ነው፤ በተፈጥሮ ሃይድሮጅን ውስጥ ያለው 0.0156 በመቶ ብቻ ነውና። ነገር ግን ሁለት ሃይድሮጅን ተጣብቀው በአቶም ክብደት መለኪያ 2.0157 ይመዝናሉ፣ ዲዩቴሪየም 2.0141። ሁለቱን ለመለየት የመሣሪያው የክብደት መለያ አቅም (ክብደቱ ለልዩነቱ ሲካፈል) ቢያንስ 1300 መሆን አለበት።

በፌሪቲክ ስቲል (አንድ የብረት ዓይነት) ውስጥ ወጥመድ፣ ማለትም የክሪስታል ጉድለት፣ ያልያዘው ሃይድሮጅን በክፍል ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይሸሻል። ናሙናውን ሃይድሮጅን ከሞሉት በኋላ ወዲያው ካላቀዘቀዙት የሚለኩት የቀረውን ነው።

የደመቀ ሁሉ የበዛ አይደለም። የአዮን አወጣጡ ከማዕድን ማዕድን፣ ከፌዝ ፌዝ (በአንድ ቁስ ውስጥ ካለ አንዱ መዋቅር ወደ ሌላው) ይለያያል፤ መጠኑ የታወቀ ሃይድሮጅን የተተኮሰበት ማነጻጸሪያ ለእያንዳንዱ ያስፈልጋል። በናይትሮጅን-15 ጨረር፣ በ6.385 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሬዞናንስ (ከሃይድሮጅን ጋር የኒውክሌር ምላሽ በሚያይልበት ጉልበት)፣ ይህ ጣጣ የለም፤ የሚቆጠረው ከምላሹ የሚወጣው የ4.43 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ጨረር ነው። እዚያም ቢሆን ጨረሩ ራሱ ሃይድሮጅኑን ያባርረዋል። አንዱን ቦታ ደጋግመው ይለኩና የቆጠራውን ቁልቁለት ወደ ዜሮ ዶዝ (ጨረሩ ገና ወዳልነካው ጊዜ) መልሰው ይሳቡት።

ታይታኒየምንና ዚርኮኒየምን በጋሊየም ጨረር በክፍል ሙቀት ፍቆ ማሳሳትም ሃይድራይድ (የብረትና የሃይድሮጅን ውህድ) ይፈጥራል። በቅዝቃዜ ይቁረጧቸው።