ሳሎን ሲነካ መኝታ ቤት ይጠፋል፦ የባለብዙ ክፍል ዲሽና የቀረጻ ችግርና መፍትሄ

ይሄን የምጽፈው ዲሽ ማዞርና ሲግናል መፈለግ ለምታውቁ ነው። ሪሲቨሩ መብራት አለው ወይ፣ ገመዱ ገብቷል ወይ የሚለውን አላነሳም። የኔ ጉዳይ ለአንድ ቲቪ ሲሰራ የኖረውን ዲሽ ለሁለትና ሦስት ክፍል አስፍተው፣ የሚቀዳ ሪሲቨር ጨምረው፣ ከዚያ ሁሉም ነገር የተመሰቃቀለባቸው ቤቶች ናቸው። ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን ሂዱ፣ ከዚራ ሂዱ፣ ገንደ ቆሬ ሂዱ፣ ብልሽቱ ያው ነው።

ችግር፦ ሳሎን ቻናል ሲቀየር መኝታ ቤት "ኖ ሲግናል" ይላል። ታይመር ተሞልቶ የተቀዳው ድራማ መሃሉ ላይ ተቆርጧል፣ ወይ ጭራሽ ባዶ ፋይል ነው።

ምክንያት፦ ስፕሊተር። ልምድ በሌለው ሰው እጅ የገባ፣ አንዱን ገመድ ለሁለት የሚከፍል ርካሽ ስፕሊተር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሲቨር ከዲሽ ዝም ብሎ አይቀበልም፣ በዚያው ገመድ ወደ ላይ ያዛል። 13 ቮልት ከላከ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ቨርቲካል፣ ማለትም ቀጥ ያለውን ሲግናል ይሰጠዋል፣ 18 ከላከ ሆሪዞንታል፣ ማለትም አግድሙን። ከዚህ ጋር 22 ኪሎኸርዝ ቶን ካከለበት ከ11700 በላይ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች፣ ካላከለ ከዚያ በታች ያሉትን። ማለትም ባለ አንድ መውጫ ኤልኤንቢ በአንድ ጊዜ ከእነዚህ አራት ጥምሮች አንዱን ብቻ ነው የሚያወርደው። ሳሎን 18 ሲልክ መኝታ ቤት 13 ከላከ፣ ገመዱ ላይ የሚያሸንፈው 18ቱ ነው። ባለ 13ቱ ጨለማ ያያል። እኛ ጋ ደግሞ ብዙው ቤት የናይልሳትና የኢትዮሳትን ሁለት ዲሽ በዳይሴክ (ሪሲቨሩ ሲያዘው ከዲሾቹ አንዱን በሚመርጥ ማቀያየሪያ) አገናኝቶ ነው የሚያየው። ስፕሊተሩ ከዳይሴኩ በታች ከተደረገ አንዱ ክፍል ናይልሳት ብሎ ሲያዝ ቤቱ በሙሉ ናይልሳት ይሄዳል። መኝታ ቤት ኢትዮሳት ላይ ሲቀዳ የነበረው ሪሲቨር ምን ይቅዳ?

ታዲያ ሲተከል ለምን ሰራ? ሰራተኛው ሲፈትሽ ሁለቱንም ክፍል ኢትዮሳት ላይ ነዋ የሚያደርገው! 11105 ሆሪዞንታል ነው፣ ሁለቱም ሪሲቨር 18 ይልካሉ፣ አይጣሉም። ምስሉ ጥርት ይላል፣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ ሂሳብ ይከፈላል። ማታ ልጆቹ ናይልሳት ላይ ፊልም ሲከፍቱ ጉዱ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ኢትዮሳትን ብቻ የሚያዩ ከሆነ ስፕሊተርም ዓመት ሊቆይ ይችላል። ግን እንደዚህ ያለ ቤት አሳዩኝ።

ከዚራ አንድ ቤት ነበር። አባወራው ከሰዓት በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሳሎን ኳስ ያያል፣ እሜቴ መኝታ ቤት ባለው ሪሲቨር ድራማ ታስቀዳለች። የሚቀዳው ሁልጊዜ በርጫ ሰዓት ላይ ይቋረጣል። ፍላሽ ቀያየሩ። ሃርድ ዲስክ ገዙ። በመጨረሻ "ሪሲቨሩ ነው" ብለው ታይዋን ገበያ ወስደው በግማሽ ዋጋ ሸጡት፣ አዲስ አመጡ፣ አዲሱም ያንኑ አደረገ። ሪሲቨሩ ምን በወጣው፣ አቦ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ አንድ ግቢ የሚጋሩ ሁለት ጎረቤታሞች ዲሽም በስፕሊተር ይጋሩ ነበር። አንዱ ሌላውን "ሆን ብሎ ነው የሚያጠፋብኝ" እስከማለት ደርሰው ነበር። ሳቢያን ያየሁት ግን ይብሳል፦ ስፕሊተር አልሰራ ሲል ሁለተኛ ስፕሊተር፣ እሱም እምቢ ሲል ሲግናል የሚያጎላ ቡስተር። ቡስተር ቮልት አያስታርቅም። ያልመጣን ሲግናል ከየት አምጥቶ ያጎላል?

ለማረጋገጥ የሌሎቹን ክፍሎች ሪሲቨር ከሶኬት ንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፣ ስታንድባይ ላይ ሆኖም ቮልት መላኩን የማይተው ሪሲቨር ሞልቷል። ነቅላችሁ ምስሉ ከመጣ ጥፋተኛው ተገኘ።

መፍትሄ፦ ለእያንዳንዱ ቱነር (ሪሲቨሩ ውስጥ ቻናል የሚይዘው ክፍል) እስከ ኤልኤንቢው ድረስ የራሱ ገመድ። በተራ ኤልኤንቢና በተራ ሪሲቨር ሌላ አቋራጭ የለም። ልብ በሉ፣ "ለእያንዳንዱ ክፍል" አላልኩም። አንዱን እየቀዳ ሌላውን የሚያሳይ ባለ ሁለት ቱነር ሪሲቨር ከሆነ ብቻውን ሁለት ገመድ ይበላል። ባለ አንድ ቱነሩ ግን እየቀዳ ሳለ የሚያሳያችሁ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉትን ቻናሎች ብቻ ነው፣ ይሄ ብልሽት አይደለም፣ አትደውሉልኝ።

ሁለት ቱነር ካላችሁ በሁለቱም ዲሽ ላይ ትዊን (ባለ ሁለት መውጫ) ኤልኤንቢ ስቀሉ። ሁለት ዳይሴክ ግዙ። ከናይልሳቱ አንድ፣ ከኢትዮሳቱ አንድ ገመድ ወደ እያንዳንዱ ዳይሴክ ይገባል፣ ከዳይሴኩ አንድ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ይወርዳል። ለሦስትና ለአራት ቱነር ኳድ (ባለ አራት መውጫ) ኤልኤንቢ አድርጉ፣ ዳይሴኩም በዚያው ቁጥር። ኢትዮሳት አንዱ ዳይሴክ ላይ ወደብ 1 ከገባ ሁሉም ላይ ወደብ 1 ይግባ። አለበለዚያ የሳሎኑን የቻናል ዝርዝር በፍላሽ ገልብጣችሁ መኝታ ቤት ስትጭኑት ምንም አይከፍትም፣ ከዚያ ደግሞ "ሶፍትዌሩ ተበላሸ" ትላላችሁ። ከአራት በላይ ከሆነ ባለ ስምንት መውጫ ኤልኤንቢ ወይም መልቲስዊች (ለብዙ ሪሲቨር የሚያከፋፍል ሳጥን) ያስፈልጋል።

ስትገዙ ሳጥኑን አንብቡ። ኳድ እና ኳትሮ አንድ አይደሉም! ሁለቱም አራት መውጫ አላቸው፣ መልካቸውም ያው ነው። ኳትሮ ግን ከመልቲስዊች ጋር ብቻ የሚሰራ ነው፣ እያንዳንዱ መውጫው ከአራቱ አንዱን ብቻ ይሰጣል፣ ሪሲቨሩ ቢያዘውም አይሰማም። ቀጥታ ሪሲቨር ላይ ከተሰካ አንዱ ክፍል የተወሰነ ቻናል፣ ሌላው ክፍል ሌላ የተወሰነ ቻናል ያያል። ነጋዴው "ያው ነው፣ አራት ቀዳዳ አይደል?" ብሎ የሸጠለት ደንበኛ ስንቱ ነው። "ያው ነው" የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ሱቁን ለቃችሁ ውጡ።

ገመድ ስትነካኩም ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። የገመዱ መሃል ሽቦ ዙሪያውን ከሸፈነው የሽቦ ሹራብ ጋር ከተነካካ ለኤልኤንቢ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ሊቃጠል ይችላል።

ችግር፦ አዲሱ ክፍል ውስጥ ኢትዮሳት የለም፣ ከናይልሳት ግን የተወሰኑ ቻናሎች ይሰራሉ።

ይሄ ርካሽ ገመድ ነው። መሃሉ ብረት ሆኖ ላዩ መዳብ የተቀባ ገመድ ቮልት ይበላል። ሪሲቨሩ 18 ልኮ ረጅም መንገድ ተጉዞ ኤልኤንቢው ጋ ሲደርስ ከ15 በታች ከወረደ እንደ 13 ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ ሆሪዞንታሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ኢትዮሳትም አብሮ። ሰፈሩ "ኢትዮሳት ተዘጋ" ብሎ ሲያወራ የሰማሁት ዜና ስንት ጊዜ ከዚህ ገመድ እንደወጣ። ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ያዙና የገመዱን መሃል ሽቦ ፈትሹ። ከሳበ አስቀምጡት። ሙሉ መዳብ የሆነ አርጂ 6 ይወደዳል፣ ግን አንዴ ነው የሚዘረጋው።

ችግር፦ ታይመሩ የተሳሳተ ሰዓት ቀዳ።

ሪሲቨሩ የሀበሻ ሰዓት አያውቅም። ማታ 2 ሰዓት ድራማ ለመቅዳት 2:00 ብላችሁ ከሞላችሁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይቀዳል። 20:00 ነው የሚሞላው። የሰዓት ክልሉ ደግሞ +3 መሆኑን እዩ፣ +2 ላይ የተተወ ሪሲቨር ብዙ አጋጥሞኛል።

ችግር፦ ቀረጻው ይጀምርና ይቆማል፣ ወይ ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ይላል።

የሪሲቨሩ ዩኤስቢ ለሃርድ ዲስክ የሚበቃ ጉልበት የለውም። አንዳንዱ ከ500 ሚሊ አምፒር አያልፍም፣ ዲስኩ ለመሽከርከር ሲነሳ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የራሱ ቻርጀር ያለው ዲስክ ወይም የራሱ ኃይል ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ (ሃብ) አድርጉ። ፍላሽ ከሆነ ደግሞ "512 ጊጋ" ተብሎ በትንሽ ብር የሚሸጠውን አትንኩ፣ ውሸት ነው። ቀረጻው 4 ጊጋ ላይ ሲደርስ የሚቆም ከሆነ የዲስኩ ፎርማት ፋት 32 ስለሆነ ነው። ሪሲቨሩ ኤንቲኤፍኤስ የሚቀበል ከሆነ በዚያ ፎርማት አድርጉት። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚላክ ኤችዲ ቻናል በሰዓት 3.6 ጊጋ ይወስዳል፣ ሂሳቡን ከዚህ ተነሱ።

ሳሎን የተቀዳውን መኝታ ቤት ለማየት ቀላሉ መንገድ ዲስኩን ነቅሎ መውሰድ ነው። የኔትወርክ መስመር ያለውና ፋይል የሚያጋራ ሪሲቨር ከሆነ በቤቱ ራውተር በኩል ያያል፣ በዋይፋይ ከሚሆን በገመድ ቢሆን ይሻላል። የክፍያ ቻናል ቀረጻ ግን ብዙ ጊዜ ከቀዳው ሪሲቨር ውጪ አይከፈትም።

ከዚራ ናይልሳት ብቻ እየመጣ የሚጠፋባችሁ፣ ዛፉን እዩ። ከድሬ ኢትዮሳት ወደ 69 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከዛፍ በላይ ያልፋል፣ ናይልሳት ግን በስተምዕራብ 33 አካባቢ ነው፣ ቅርንጫፍ ይበቃዋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ታይመሩ ካልሰራ፣ ርካሽ ሪሲቨር ሰዓቱን የሚያገኘው ከቻናል ነው፤ አንድ ቻናል ከፍታችሁ ሰዓቱ መስተካከሉን ሳታዩ ወደ ስታንድባይ አትመልሱት።