የአርክቲክ ብርድ ሊመጣ ነው ሲባል፦ ችግርና መፍትሄ ለሚኒሶታ ሰው

ሰላም ናችሁ? በየአመቱ ከገና እስከ ጥምቀት ስልኬ አያርፍም፣ አዲስ የመጡ ልጆች «መኪናዬ እምቢ አለኝ» «ውሃ ጠፋብኝ» እያሉ ይደውላሉ፣ እና አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ካርታው ሰማያዊ ሆኗል፣ ግን ስንት ዲግሪ እንደሚገባ አይናገርም

ይሄ ክላይሜት ፕሬዲክሽን ሴንተር የሚባለው የአሜሪካ መንግስት መስሪያ ቤት የሚያወጣው፣ ከ6 እስከ 10 እና ከ8 እስከ 14 ቀን በኋላ ያለውን አየር የሚገምት ካርታ ነው። ሰማያዊ ማለት ከወትሮው የመብረድ እድሉ ሰፊ ነው ማለት ብቻ ነው። ቀለሙ ሲጠቁር ብርዱ ጠና ማለት ሳይሆን እድሉ ጨመረ ማለት ነው፣ ስንቱ ነው በዚህ የሚደናገጠው። ካርታውን ባትሪ ለማስመርመርና አስቤዛ ለመግዛት ተጠቀሙበት፣ ዲግሪውን ግን ሁለት ሶስት ቀን ሲቀረው ከናሽናል ዌዘር ሰርቪስ (የመንግስት የአየር ትንበያ መስሪያ ቤት) የሰፈራችሁን የየሰአቱን ትንበያ እዩ። ነፋሱንና ስንት ሌሊት እንደሚቆይ ፈልጉ፣ ምክንያቱም አንድ ሌሊት ቤቱ ይችለዋል፣ ሶስተኛው ሌሊት ላይ ነው ጉዱ የሚፈላው። ድሮ «ዊንድ ቺል ዋርኒንግ» ይባል የነበረው የከባድ ብርድ ማስጠንቀቂያ ከ2024 ጀምሮ «ኤክስትሪም ኮልድ ዋርኒንግ» ሆኗል፣ ስሙን ለይታችሁ እወቁት።

ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ግን ፊት ይቆርጣል

ከአርክቲክ የሚወርደው አየር ደረቅና ከባድ ነው፣ ደመና ስለሌለው ምድር ሌሊት ሙቀቷ ሽቅብ ያመልጣል። የደብረ ብርሃን ልጅ ይሄን ያውቀዋል፣ የታህሳስ ውርጭ የሚጥለው ኮከብ በሞላበት ሌሊት ነው አይደል? በረዶ የሚጥልበት ቀን እንደውም ይሻላል። ስለዚህ በመስኮት አይታችሁ ሳይሆን ቁጥሩን አይታችሁ ልበሱ፦ ዜሮ ፋራናይት ላይ በሰአት 15 ማይል ነፋስ ካለ ሰውነት ላይ -19 ነው፣ የተገለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ይጎዳል። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ -28 ፋራናይት ገብቶ ፖስተኞች ራሳቸው ደብዳቤ ማደል አቁመው ነበር፣ እኛ ግን ስራ ገብተናል ሃሃ።

መኪናው ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም አለ

ባትሪ ነው። ዜሮ ፋራናይት ላይ ጉልበቱ ከግማሽ በላይ ይወርዳል፣ ዘይቱ ደግሞ ስለሚወፍር ሞተሩ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ሶስት አራት አመት ያለፈው ከሆነ ብርዱ ሳይገባ አስመርምሩት፣ ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች በነጻ ያዩላችኋል። ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ ስታስነሱ (ጃምፕ ስታደርጉ) የመጨረሻዋን ጥቁር ገመድ የሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ሞተሩ ላይ ቀለም የሌለው ብረት ላይ ያዙ። ባትሪው ካበጠ ወይም በረዶ ከሰራ ግን አትንኩት። የጎማ መብራት ቢበራም አትደንግጡ፣ በየ10 ፋራናይቱ የጎማው አየር አንድ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ይወርዳል፣ መሙላት ነው።

በረዶው ላይ ጨው በትኜ አልቀልጥ አለ

ከ15 ፋራናይት በታች ተራው ጨው አይሰራም፣ ደጋግሞ መበተን ብር መጣል ነው። አሸዋ በትኑበት።

ፈርነሱ (የቤቱ ማሞቂያ ማሽን) ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል

መጀመሪያ አቧራ የሚይዘውን ፊልተር እዩ፣ ግራጫ ብርድ ልብስ መስሎ ከሆነ ቀይሩት። ቀጥሎ ወደ ውጭ ውጡና ግድግዳው ላይ የወጡትን ሁለት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች እዩ፣ አፋቸው በበረዶ ከተደፈነ ማሽኑ ለደህንነት ብሎ ራሱን ያጠፋል። በእጃችሁ ጥረጉት። ኪራይ ከሆነ ላንድሎርዱን ደውላችሁም በቴክስትም ንገሩት፣ በጽሁፍ ይቀመጥ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ሂተር ጠፋ ብላችሁ የቡና ከሰላችሁን ቤት ውስጥ እንዳታቀጣጥሉ፣ ጋራዥ ውስጥም መኪና አስነስታችሁ እንዳትሞቁ፣ በሩ ቢከፈትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም አይታይም። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ መብራት ሲጠፋ በዚህ ጋዝ ሰው ሞቷል፣ የኛም ሰዎች ነበሩበት። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ጉንፋን ነው አትበሉ፣ ውጡና 911 ደውሉ።

አንዱ ቧንቧ ብቻ ጠብ አልል አለ

ይሄን ከራሴ ነው የተማርኩት። አንድ አመት ለጥምቀት ዘመድ ጋ ስሄድ ጋዝ ልቆጥብ ብዬ ቴርሞስታቱን (የቤቱን ሙቀት መቆጣጠሪያ) 50 ፋራናይት አደረግኩት። ስመለስ የወጥ ቤት ሲንክ ስር ያለው ቁም ሳጥን በር አብጧል፣ ስከፍተው እናቴ የላከችው በርበሬ ረጥቦ ወለሉን ቀይ ወጥ አስመስሎታል። ሲንኩ ያለው በውጭው ግድግዳ በኩል ነው፣ የቤቱ ሙቀት ደግሞ የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አይገባም። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ ቧንቧው አልቻለውም።

ስለዚህ ከ55 በታች አታውርዱ፣ የሲንኩን በር ከፍታችሁ እደሩ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም በቀጭኑ አንጠባጥቡ። ውሃው ውስጡ በረዶ ከሰራ ደግሞ ቧንቧውን ክፍት አድርጉና በጸጉር ማድረቂያ ከቧንቧው አፍ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ አሙቁ፣ በእሳት በፍጹም። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ዛሬውኑ ቤዝመንት ወርዳችሁ እዩት፣ እኔ የዛን ቀን እሱን ስፈልግ ነው ውሃው ምንጣፉ ላይ የደረሰው።

ጣቴ ነጣ፣ አይሰማኝም

ብርዱ ቆዳውን ይዞታል። ማሸት የለም፣ በበረዶ መፈተግ የሚሉትንም አትስሙ፣ ሂተር ላይም አታስጠጉት፣ ስለማይሰማችሁ ትቃጠላላችሁ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ህጻን ስናጥብ በክርናችን የምንለካው አይነት። ውሃ ከቋጠረ ወይም ከሞቀም በኋላ ካልተሰማችሁ ሀኪም ቤት ነው።