ፐርሰንታይል ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ከጣና ዙሪያ ምሳሌዎች ጋር

የዝናብ ወይም የከፍታ ካርታ ላይ "90ኛ ፐርሰንታይል" የሚል ካያችሁ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከምን ጋር ተወዳድሮ? ፐርሰንታይል ደረጃ ነው፤ 90ኛ ማለት ከተወዳዳሪዎቹ 90 በመቶ ያህሉን በልጧል ማለት ነው። ተወዳዳሪዎቹ ካልታወቁ ደረጃው ምንም አይነግረንም።

ከፐርሰንት ጋር ማምታታት

የባሕር ዳር የሐምሌ ዝናብ 80ኛ ፐርሰንታይል ላይ ነው ሲባል ከወትሮው 80 በመቶ ብቻ ዘነበ ማለት አይደለም። የ30 ዓመት መረጃ ካለን፣ ከ24 ያህሉ ሐምሌዎች በልጧል ማለት ነው። አንዱ ንባብ ዝናብ አጠረ ይላል። ሌላው ደግሞ የርብና የጉማራ ወንዞች ሊሞሉ ይችላሉና ተዘጋጁ ይላል።

ሐይቁን አብሮ መቁጠር

ይሄኛው ብዙም አይወራለትም፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የጣና ተፋሰስ፣ ማለትም ውሃው ወደ ሐይቁ የሚፈስበት አካባቢ ከነሐይቁ፣ በግርድፉ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ 3,000 ያህሉ ሐይቁ ራሱ ነው፤ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። የውሃው ገጽ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር አካባቢ። ስለዚህ የተፋሰሱን ከፍታ በሙሉ አስገብታችሁ ብታሰሉ 5ኛውም፣ 10ኛውም፣ 15ኛውም ፐርሰንታይል ያው የሐይቁ ከፍታ ይሆናል። ጎርፍ የሚያሰጋውን ሜዳ ለመለየት "ዝቅተኛው 10 በመቶ" ብላችሁ ብትቆርጡ የምታገኙት ውሃ ብቻ ነው። ፎገራና ደንቢያ ከካርታው ይወጣሉ። ሰው የሚኖረውና የሚያርሰው ግን እዚያ ነው! መጀመሪያ ሐይቁን አውጡ፣ ከዚያ አስሉ።

ደረቅ ቀናትን መርሳት

ባሕር ዳር ዝናቧን በአብዛኛው የምታገኘው በክረምት ነው። በዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቀናት አይዘንብባቸውም። ሁሉንም ቀን ከቆጠራችሁ የዕለት ዝናብ 50ኛው ፐርሰንታይል ዜሮ ይመጣል፣ 90ኛውም ዝቅ ይላል። ዝናብ የጣለባቸውን ቀናት ብቻ ስትወስዱ ሌላ ቁጥር ታገኛላችሁ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ካልጻፋችሁ ግን አንባቢን ታሳስታላችሁ።

እርከኖቹ እኩል የተራራቁ መምሰላቸው

በዝናባማ ቀናት ከ50ኛ ወደ 60ኛ መውጣት የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከ90ኛ ወደ 99ኛ ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው። የከተማውን ቦይ የሚያስጨንቀው ያ ጫፉ ነው።

ቀይ ቀለም አይቶ መደንገጥ

በፐርሰንታይል የተቀባ ካርታ ሁልጊዜ ቀይ ቦታ አለው። የእንቦጭ አረም በሁሉም ቀበሌ ቢቀንስ እንኳ ከፍተኛው 20 በመቶ ቀይ መሆኑ አይቀርም። ለዘመቻ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ከቀለሙ ጀርባ ስንት ሄክታር እንዳለ እዩ።