«ሰውነታቸው መድኃኒቱን ለመደው»፦ ስለ ጉበት ካንሰር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ጎረቤታችን በጉበት ካንሰር አርፈው ነው። «ድሮም ክኒን ያበዙ ነበር፤ ኬሞው ሲመጣ ሰውነታቸው ለምዶት ጠበቀው» አሉ አንድ አባት። ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፉ። ያ አንገት መድፋት ነው ይህን ያስጻፈኝ።

አንደኛው ስህተት ይኸው ነው። ኬሞን፣ ማለትም የካንሰር ሴል የሚገድለውን መድኃኒት፣ የሚላመደው ሰውነት አይደለም፤ የካንሰሩ ሴል ነው። ሴሉ ግድግዳ ላይ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፓምፕ አለ። የገባውን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይተፋዋል። የነሐሴ ዝናብ ቤት ሲገባ በጆግ እየቀዳን እንደምንደፋው ማለት ነው። ውሃው መግባቱን አላቆመም፤ ወለሉ ላይ ግን አይጠራቀምም። ፓምፑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የሚሠራው ኤቢሲቢ1 በሚባል ዘረ መል ትእዛዝ ነው፤ የድሮ ስሙ ኤምዲአር1።

ጉበት ላይ ነገሩ ይከፋል። ጤነኛ ጉበትም ይህ ፓምፕ አለው፤ መርዛማ ነገር ወደ ሐሞት የሚያስወግደው በእሱ ጭምር ነው። ከጉበት ሴል የተነሳ ካንሰር ይህን ችሎታ ይዞ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ እንደ ዶክሶሩቢሲን ያለ ኬሞ ከመጀመሪያውም ላይሠራ ይችላል። ሰውዬው ድሮ ለራስ ምታት ከዋጡት ክኒን ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሁለተኛው ከቃሉ ይመጣል። «ዘረ መል» ሲባል «ዘር» ብቻ ይሰማንና «በዘራቸው አለ» እንላለን። ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገራችን ይህ ወሬ ልጆቹን ይጎዳል። ዘረ መሉ እኔም ጋ፣ እርስዎም ጋ አለ። ችግሩ ዕጢው ውስጥ ከመጠን በላይ መሥራቱ ነው። ይህ ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ አይወረስም።

ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ዘረ መል ላይ መጣልም ልክ አይደለም። ኤቢሲሲ1 እና ኤቢሲጂ2 የሚባሉትም ፓምፕ ያሠራሉ። ያለ ፓምፕም የደረሰበትን ጉዳት ጠግኖ የሚተርፍ ሴል አለ።

«ታዲያ ፓምፑን ለምን አይዘጉትም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተሞክሯል። የደም ግፊት መድኃኒቱ ቬራፓሚል ቀድመው ከተሞከሩት አንዱ ነው። ግን ፓምፑን ለመዝጋት የሚያስፈልገው መጠን ልብን ይጎዳል። ደግሞም ይኸው ፓምፕ አንጎልንና አንጀትን ይጠብቃል። እባካችሁ፣ ይህን አንብቦ ፋርማሲ የሚሄድ እንዳይኖር።

ኬሞ አልሠራም ማለት ሁሉም አበቃ ማለትም አይደለም። በጊዜ የተገኘን ዕጢ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል። ቢላዋን የሚተፋ ፓምፕ የለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለጉበት ካንሰር የተፈቀደው ሶራፌኒብም መንገዱ ከኬሞ ይለያል፤ ዕጢው እንዲያድግ የሚያዙ መልእክቶችን ይዘጋል። እሱንም የሚላመድ ካንሰር አለ፣ ግን ለብዙዎች ጊዜ ገዝቷል።

የመጨረሻው የሚያሳስበኝ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ሥር ይጠጣል፤ ኬሞ እየተወሰደም ይጠጣል። ሥሩንም ኬሞውንም የሚያጣራው ያው የታመመው ጉበት ነው። የጠጡትን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ።