የፊት ጡንቻን በጣታችሁ አጥኑት

አናቶሚ ለምታጠኑ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የፊት ጡንቻዎችን ከመጽሐፍ ብቻ አትሸምድዱ፣ በገዛ ፊታችሁ ላይ ዳስሷቸው።

ሁለት ጣታችሁን ጉንጫችሁ ላይ፣ ወደ መንጋጋው ማዕዘን ጠጋ አድርጉና ጥርሳችሁን ነከስ አድርጉ። ጠጠር ብሎ የሚነሳው ማሴተር የሚባለው የማኘኪያ ጡንቻ ነው። ከዚያ ጣታችሁን ከዓይናችሁ ጎን፣ ጸጉር የሚጀምርበት አካባቢ አድርጋችሁ ደግማችሁ ንከሱ፤ እዚያ የሚንቀሳቀሰው ሌላው የማኘኪያ ጡንቻ፣ ቴምፖራሊስ ነው። ቆሎ እየቆረጠማችሁ ብትሞክሩትማ የበለጠ ይታወቃችኋል። ከጆሯችሁ ቀዳዳ ትንሽ ወደፊት ነክታችሁ አፋችሁን ስትከፍቱ ደግሞ ከጣታችሁ ሥር ወደፊት ሸተት የሚል አጥንት ይሰማችኋል፣ እሱ የታችኛው መንጋጋ ጫፍ ነው። ከ22ቱ የራስ ቅል አጥንቶች እንደ ልብ የሚንቀሳቀሰው ይሄ መንጋጋ ብቻ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ነርቩ ላይ ነው። ማሴተርና ቴምፖራሊስ የሚታዘዙት በቀጥታ ከአንጎል ከሚወጡት (ክራንያል) ነርቮች በ5ኛው ሲሆን ፈገግ የምንልባቸው፣ ቅንድብ የምናነሳባቸውና ዓይን የምንጨፍንባቸው ጡንቻዎች ግን የ7ኛው ናቸው። ለዚህ ነው 7ኛው ነርቭ ተጎድቶ አንድ ጎን ፊቱ የወደቀ ሰው በዚያው ጎን ጥርሱን አጥብቆ መንከስ የሚችለው። ቡክሲኔተር የሚባለውን ጡንቻ ግን ልብ በሉት! ጉንጭ ውስጥ ስላለና ምግቡን ወደ ጥርስ ስለሚገፋ ከማኘኪያዎቹ ጋር ይመደባል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ የ7ኛው ነው።

እና ደግሞ፣ የማንም ሰው ፊት በድንገት ከተጣመመ ምች ነው ብላችሁ ቤት አታቆዩት፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት።