ረጅም ሰው የመጀመሪያ ሰርፍ ስኪውን ሲገዛ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ አንድ ሜትር ከዘጠና የሆነ ሰው «ጀልባ ልገዛ ነው» ካለ፣ ከአሞራ ገደል እስከ ፍቅር ሐይቅ የሚሰማው ምክር አንድ ነው። «አንተ ረጅም ነህ፣ ረጅሙን ግዛ!» ምክሩ ከልብ ነው። ልክ ግን አይደለም።

ለማያውቁት፣ ሰርፍ ስኪ ላዩ ክፍት የሆነ ጠባብና ረጅም ካያክ ነው። ቀዛፊው ጀልባው ውስጥ አይገባም፤ ላዩ ላይ ባለ ጎድጓዳ መቀመጫ ይቀመጣል። መሪውን በእግሩ ፔዳል ያዛል። ለውቅያኖስ ብቻ የተሠራ እንዳይመስልዎ። በ1912 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የተጠቀሙት ሁለት ወንድማማቾች ሐይቅ ላይ የኦይስተር እርሻ ለነበረው ቤተሰባቸው ሥራ ነው የያዙት። ስለዚህ የእኛም ሐይቅ ይሆነዋል።

ቁመትን አይቶ ርዝመት መምረጥ

የጀልባ ርዝመትና የሰው ቁመት ብዙም አይገናኙም። ርዝመት የሚጨምረው ፍጥነትን ነው። ለጀማሪ የሚሆኑት ከ5 እስከ 5.6 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ የውድድሮቹ 6.4 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ።

ቁመት የሚነካው ሚዛንን ነው። ረጅም ሰው ሲቀመጥ ደረቱና ትከሻው ከውሃው ከፍ ይላሉ፤ ክብደቱም አብሮ ወደ ላይ ይወጣል። አጭር ጓደኛውን ጸጥ አድርጎ የያዘ ጀልባ እሱን ያንገዳግደዋል። ስለዚህ ረጅም ጀማሪ ከሌላው ይልቅ ሰፋ ያለ ያስፈልገዋል። ቁመትዎ በእግርዎ በኩል ከሆነ ችግሩ ይቀንሳል። ወገብዎ ረጅም ከሆነ ግን ይብሳል። ሻጩን መጀመሪያ ስፋቱን ይጠይቁት። ቀጥሎ የሚሸከመውን ክብደት። ርዝመቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የጎበዞቹን ጀልባ መመኘት

ኢንተርኔት ላይ ሞገድ እየጋለቡ የምናያቸው ሰዎች የሚቀመጡበት ጀልባ ስፋቱ 43 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ለጀማሪ የሚመከረው 50 እና ከዚያ በላይ ነው። ለምሳሌ ኤፒክ ቪ8 የሚባለው 5.5 ሜትር ርዝመትና 56 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። የፕላስቲኩ ቪ7 ደግሞ 5.2 ሜትር በ54 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱንም የሚሠራው የኤፒክ ኩባንያ መሥራች ግሬግ ባርተን በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ በካያክ ሁለት ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለጀማሪ ሰፊ ጀልባ ከሠራ፣ እኛ የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

«ጠባቡን ልግዛና ቀስ እያልኩ እለምደዋለሁ» የሚሉ አሉ። ይህ ለልጅ ጫማ «ያድግበታል» ብሎ ሁለት ቁጥር እንደማስበለጥ ነው። ጠባብ ጀልባ ላይ ጀማሪ አይቀዝፍም። እንዳይገለበጥ ብቻ ውሃውን በመቅዘፊያ ይደበድባል። ትከሻው ይደክማል፣ አቀዛዘፉ ይበላሻል፣ በመጨረሻም ጀልባው ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣል። በሰፊው ላይ ዘና ብሎ የቀዘፈ ሰው በጠባቡ ላይ ከሚንቀጠቀጠው ቀድሞ ይደርሳል።

እግርን ሳይለኩ ማዘዝ

ረጅም ሰውን የሚጎዳው ዋናው ስህተት ይህ ነው። ሰርፍ ስኪ እዚህ እንደ ብስክሌት ሱቅ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ተከራክረው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ ነው የሚጠየቀው። ዕቃው ጉምሩክ አልፎ ከመጣ በኋላ «እግሬ አልገባም» ማለት አይሠራም።

መቀመጫው በጀልባው አካል ላይ የተቀረጸ ነው፤ እንደ መኪና ወንበር ወደ ኋላ አይገፋም። የሚንቀሳቀሰው የእግር መርገጫው ብቻ ነው፤ እሱም መጨረሻ አለው። መርገጫው መጨረሻው ላይ ደርሶም እግርዎ ካልተዘረጋ፣ ጉልበትዎ ወደ ላይ ይቆማል። ሲቀዝፉ እጅዎ ጉልበትዎን ይመታል። በእግር ገፍቶ ወገብን ማዞርም ይቀራል፤ የቀዘፋ ጉልበት ደግሞ ከክንድ ይልቅ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከመቀመጫው ፊት ለፊት፣ ከጉልበት ሥር፣ ጉብታ አለ። አቀማመጡ ከእግርዎ ጋር ካልገጠመ ከታች ይቆረቁርዎታል። የመቀመጫው ስፋትም መታየት አለበት። ከጠበበ ዳሌን ይጨብጣል፣ እግርም ይደነዝዛል። ከሰፋ ያንሸራትታል፣ ይህ ግን በስፖንጅ ጎን ለጎን ይስተካከላል። ስፖንጁን ከታች እንዳያነጥፉ! አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት እንኳ ሚዛን ላይ በግልጽ ይታወቃል፤ ረጅም ሰው ላይ ደግሞ ይብስበታል።

ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት መሬት ላይ ይቀመጡ። ጀርባዎን ግድግዳ ያስደግፉ፣ ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉ፣ ከግድግዳው እስከ ውስጥ እግርዎ ያስለኩ። የዳሌዎንም ስፋት ያስለኩ። ሻጩ ከመቀመጫው ጀርባ እስከ መርገጫው መጨረሻ ያለውን ርቀት እንዲነግርዎ ያድርጉ። የጫማ ቁጥርዎ 45 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የእግር ማስገቢያው ጥበትም ይጠየቅ። ዘመድዎ ሄዶ ቢቀመጥበት ጥሩ ነው። እሱ አጭር ከሆነ ግን «ተመችቶኛል» ማለቱ ለእርስዎ ምንም አይነግርዎም።

ቀላሉን ካርቦን ብቻ ማየት

የካርቦኑ ጀልባ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ነው፣ በአንድ እጅ ይነሳል። የፕላስቲኩ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ታዲያ ካርቦን ድንጋይ ላይ ሲጎተት ይሰነጠቃል፤ ጠጋኝ ደግሞ በየሰፈሩ የለም። ለመጀመሪያ ጀልባ እኔ ፕላስቲኩን ወይም ወፈር ያለውን ፋይበር ግላስ እመርጣለሁ። መሪውም ይታይ። ከሆዱ ሥር የተተከለው ዳር ላይ መሬት ይነካል፣ የሐይቁ ሣርም ይጠመጠምበታል። ከኋላ ተንጠልጥሎ ሲነካ ወደ ላይ የሚነሳው ለእኛ ዳርቻ ይሻላል።

ማጓጓዣውንም ከወዲሁ ያስቡበት። ቪትስ ርዝመቷ 4 ሜትር አይሞላም። ስለ ባጃጅ አላወራም።

መቅዘፊያውንም ማስረዘም

ርዝመቱ የሚስተካከል፣ ከ205 እስከ 220 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ የሚያስኬድ ይበቃል። ለጀማሪ አጠር ማድረግና ቅጠሉ፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋው ጠፍጣፋ ጫፉ፣ ትንሽ የሆነውን መምረጥ ትከሻን ያድናል።

ገንዘቡን ጀልባው ላይ ጨርሶ መምጣት

ላይፍ ጃኬትና እግርን ከጀልባው ጋር የሚያስር ገመድ የግዢው አካል ናቸው። ሐይቁ ጠዋት ዝም ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል። ከጀልባው የወደቀ ሰው ገመድ ከሌለው ባዶውን ጀልባ ዋኝቶ ላይደርስበት ይችላል፤ ነፋሱ ይወስደዋል። ወድቆ መልሶ መውጣትን ዳር ላይ፣ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ይለማመዱ። ረጅም እግር እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ጀልባውን አቋርጦ መቀመጥ ይቀላል።

ጉማሬን በተመለከተ ከእኔ ይልቅ ዓሣ አጥማጆቹን ይጠይቁ፤ ዛሬ የት እንዳሉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩልና ሸምበቆ ውስጥ ብቻዎን አይግቡ። ገና ጎህ ሲቀድም አይውጡ፤ ጉማሬው ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃው የሚመለሰው ያን ጊዜ ነው።