የጭንቅላት ጉዳት ሞትን ኮድ ስናደርግ፦ ችግርና መፍትሄ

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ እዚህ ያልቃል። የጅቡቲ መኪና ያልፋል፣ ባጃጅ በየቅያሱ ነው፣ ፎቅ በየቦታው ይሠራል። ድንገተኛ ክፍል የሚሞላውም በዚሁ ነው። ይህን የምጽፈው የሞት ሰርተፊኬት ለሚሞሉ ኢንተርኖችና ኮድ ለሚያደርጉ፣ ማለትም የሞቱን ምክንያት በዓለም አቀፉ የበሽታና የጉዳት መመደቢያ (አይሲዲ-10) በፊደልና በቁጥር ለሚመድቡ የካርድ ክፍል ልጆች ነው። ቅጹን ታውቁታላችሁ፤ እሱን አልደግምም።

ችግር፦ የመጀመሪያው መስመር ላይ "ካርዲዮፑልሞናሪ አረስት" (ልብና ትንፋሽ ቆመ) ብቻ ተጽፏል።
ምክንያቱ ልማድ ነው። ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው የለም። ጉዳቱን ጻፉ።

ችግር፦ "ሄድ ኢንጁሪ (የጭንቅላት ጉዳት)፣ ጂሲኤስ (የንቃት መለኪያ ነጥብ) 5" ይልና ኤስ06.9፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ የጭንቅላት ውስጥ ጉዳት፣ ይሰጠዋል።
ጂሲኤስ ክብደቱን ይናገራል እንጂ ምን እንደተጎዳ አይናገርም። ሲቲ ስካን ተነስቶ ከሆነ ውጤቱን ፈልጉ። ኤፒዱራል (በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል የፈሰሰ ደም) ኤስ06.4፣ ሰብዱራል (ከውጨኛው ሽፋን ስር የፈሰሰ) ኤስ06.5፣ በጉዳት የመጣ ሰብአራክኖይድ (ከስሱ ሽፋን ስር የፈሰሰ) ኤስ06.6 ነው።

ችግር፦ አዛውንት፣ ሰብዱራል፣ ኮዱ ግን አይ62፣ ማለትም ያለ ጉዳት የመጣ የጭንቅላት ውስጥ መድማት።
እኚህ ሰው ከሳምንታት በፊት ወድቀው ሊሆን ይችላል። ልጆቻቸውን "ሰሞኑን አባባን አደናቅፏቸው ነበር?" በሏቸው። ወድቀው ከነበረና ሐኪሙ የደሙ መነሻ እሱ ነው ካለ ኤስ06.5 ከአወዳደቁ ጋር ይገባል።

ችግር፦ "አር ቲ ኤ" (የመንገድ ትራፊክ አደጋ) ብቻ ተጽፎ ይመጣል።
የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። መደርደሪያውን የሞላውም እሱ ነው። በአይሲዲ-10 ደንብ ሰው በጉዳት ሲሞት መነሻ የሞት ምክንያት ተብሎ የሚያዘው ጉዳቱን ያደረሰው ነገር ነው። ኤስ06 ብቻውን አይበቃም። "አር ቲ ኤ" ብቻ ከያዛችሁ የሚተርፋችሁ ቪ89.2 ነው፤ ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ ያልታወቀ አደጋ ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ማን የእግረኛ መሻገሪያ ይሠራል? ስለ ባጃጅ ማን ይነጋገራል?

እግረኛን ባጃጅ ከገጨው ቪ02 ነው። ሟቹ ባጃጅ ውስጥ ተሳፍሮ ከነበረ ከቪ30 እስከ ቪ39 ካሉት አንዱ። እግረኛን ሲኖትራክ ከገጨው ቪ04። እነዚህ ሁሉ ካርዱ ላይ አንድ ቃል ሆነው ይመጣሉ።

አንዱን ወጣት እንዲሁ "አር ቲ ኤ" ብለውት ነበር። አስከሬን ሊወስድ የመጣውን ወንድሙን ስንጠይቅ፣ ልጁ የወደቀው ሲኖትራክ ጭነት ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ነው። ሌላው ደግሞ የቀን ሠራተኛ ነበር። ከሕንፃ መወጣጫ እንጨት ላይ ነው የወደቀው፤ ደብሊው12። መኪና ውስጥ የገባው ሆስፒታል ሲያመጡት ብቻ ነው። ያመጡት ጓደኞቹ እውነቱን ለጥበቃው ነግረውት ነበር። ሐኪሙ ጋ አልደረሰም።

መረጃው የሚጠፋው በር ላይ ነው። ያመጣው ሰው መከሰስ ፈርቶ ቶሎ ይሄዳል። ትራያጅ (ታካሚ መጀመሪያ የሚለይበት ቦታ) ላይ ያለው ሰው ነፍስ ለማትረፍ ይሮጣል፤ ማድረግም ያለበት እሱን ነው። ከዚያ ተረኛው "አር ቲ ኤ" ይጽፋል፣ ቀጣዩ ይገለብጣል፣ ሰርተፊኬቱም ያንኑ ይገለብጣል።

መፍትሄው ትራያጅ ላይ የምትጻፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ተጎጂው ማን ነበር፦ እግረኛ፣ ተሳፋሪ፣ ነጂ? በምን ተመታ? የት? ያመጣውን ሰው ስልክ ያዙ። ጥበቃውንም ጠይቁ። ካመለጣችሁ ትራፊክ ፖሊሱን አግኙት። ቤተሰብን ግን ለቅሶ መሃል አትጠይቁ። ረጋ ሲሉ አንድ የቅርብ ዘመድ ለብቻ አነጋግሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ አትገምቱ። ተደብድቦ ይሁን ወድቆ ካልተለየ ከዋይ10 እስከ ዋይ34 ያለው ክፍል ለዚህ የተዘጋጀ ነው። ይህ ወረቀት ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ሰው ሳይሞት በፊት፦ አረቄ የሸተተውን ሁሉ "ሰክሮ ነው" ብላችሁ ጥግ አታስተኙ። ኤፒዱራል ያለበት ሰው ነቅቶ ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ሊዝለፈለፍ ይችላል። ስኳሩን ለኩ፣ ብሌኑን እዩ፣ ጂሲኤሱን ደጋግማችሁ መዝግቡ።

አይሲዩ ሰንብቶ በሳንባ ምች የሞተ፦ ምቹ ከላይ ይጻፋል፣ መነሻው ግን አደጋው ነው።

አደጋው ከደረሰ ዓመት ካለፈ በኋላ በዚያው መዘዝ የሞተ፦ ቲ90.5፤ አደጋው የትራንስፖርት ከነበረ ከዋይ85 ጋር።